የምልከው ውጤት

ሰኞ፣ ጥር 6

ውጤት ወጣ። 331። ከአራት መቶ።

መጀመሪያ በስልኬ አየሁት፤ ቀጥሎ በመነጽር ቤቱ ኮምፒውተር። አላመንኩም። ጋሼን ጠርቼ አስነበብኳቸው። ጋሼ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌንስ ሲያስፍቁኝ የኖሩ መነጽር ሠሪ ናቸው። የራሳቸውን መነጽር ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸውን ስክሪኑ ላይ ሊለጥፉ ምንም ሳይቀራቸው አዩና፣ «ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ ነው። ዓይንሽ ደህና ነው፤ መነጽር አልሸጥልሽም» አሉኝ።

ባለፈው ዙር ያመጣሁት 248 ነበር። እማዬ ስታርፍ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነበር፤ ቤቱን የሚይዝ ሰው ጠፋና እኔ ያዝኩት። ከዚያ ወዲህ ፈተና የሚባል ነገር አይቼ ስለማላውቅ የሰዓት አያያዙ ጠፍቶኝ የመጨረሻውን ገጽ ባዶውን አስረከብኩ። ደግነቱ ይህ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በዓመት ሦስት ጊዜ ይሰጣል። እያንዳንዱ ውጤት ለብቻው ይመዘገባል፤ ኮሌጆቹም «የፈለግሽውን መርጠሽ ላኪ» ነው የሚሉት። 248 እንግዲህ መሳቢያ ውስጥ ይረፍ። የእይታ ሕክምና ኮሌጁ እስከ መጋቢት 20 ማመልከቻ ይቀበላል። 331ን እልካለሁ፤ አለቀ።

ታናሽ እህቴ ሚጡ ደግሞ 334 አመጣች። አብረን ነው የተፈተንነው። እሷ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ። አባባ የሚነዳውን አውቶቡስ ማዞሪያው ላይ አቁሞ ደወለላት፤ ተሳፋሪዎቹ ሲያጨበጭቡ በስልኩ ይሰማ ነበር። ቤት እንደገባ ከመሬት አነሣት። ከዚያ እኔን ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «አንቺም በርትተሻል» አለኝ።

በርትቻለሁ። አዎ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ሦስት ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። አንዱ የመነጽሩ ፍሬም ላይ ተቀምጦበት ነው የመጣው። ቶሎ ልጻፍ፦ የኮሌጁ ቅጽ ላይ «የትኛውን ውጤት ትልኪያለሽ?» የሚል ሳጥን አለ። ሞልቼው ዋልኩ። በእርሳስ። ለምን በእርሳስ እንደሆነ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ከፈተና ድርጅቱ ሁለት ፖስታ መጣ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለሚጡ። ውስጡ ቃል በቃል አንድ ነው።

ውጤታችን ታግዷል። ተሰልፈን አብረን ስለተመዘገብን ጎን ለጎን ነበር ያስቀመጡን። ሒሳቡ ላይ እኔ አሥራ ሁለት ጥያቄ ስቻለሁ፤ እሷ አሥራ ሦስት። አሥራ አንዱ አንድ ዓይነት ነው። የሳትናቸው ጥያቄዎች ብቻ አይደሉም፤ የመረጥነው የተሳሳተ ፊደል ራሱ አንድ ነው።

እስከ ጥር 30 እንድንመርጥ ይላል። አንዳችን «የኮረጅኩት እኔ ነኝ» ብላ ከፈረመች የእሷ ውጤት ተሰርዞ የሌላኛዋ ይለቀቃል። ያ ካልሆነ ሁለታችንም በየተለያየ ክፍል ድጋሚ እንፈተናለን፤ አዲሱ ውጤት ከፊተኛው ከሃያ ነጥብ በላይ ካልወረደ የፊተኛው ይጸናል፤ ከወረደ ይሰረዛል፣ አዲሱ ብቻ ይቀራል። ዝም ካልን ደግሞ የሁለታችንም ገደል ገባ።

አባባ የሹፌር ኮቱን ሳያወልቅ ቆሞ አነበበው። ጨርሶ ቀና ሲል ያየው እኔን ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። «ምን ሆናችሁ ነው» አላለም።

«ምንም አልሆንኩም። ከማንም አልኮረጅኩም።»

ሚጡ ሳህን እያጠበች ነበር። አልዞረችም። አንዷን ሳህን ብዙ አጠበቻት።

አራት ወር ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአንድ መጽሐፍ ነው ያጠናነው። ሒሳቡን ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ስህተታችን ቢመሳሰል ምን ይገርማል? አፍንጫችንም ይመሳሰላል።

እሑድ፣ ጥር 19

አክስቴ መጥታ ነበር። የአባባ ታላቅ፣ ሚጡ የምትማርበት ትምህርት ቤት ጸሐፊ። ሻይ እያፈላሁ ሳሎን የሚወራውን ሰማሁ። ሰው ቤታችን ግድግዳው ስስ መሆኑን ለምን እንደሚረሳ አይገባኝም።

«ስድስት ዓመት መስተዋት ስትፍቅ የኖረች ልጅ በአንዴ ሰማንያ ሦስት ነጥብ ትዘላለች? እስቲ አንተው ፍረድ።»

የአባባ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«እሷ እኮ ሥራ አላት። እጇ ላይ ሙያ አለ። እኔ የማዝነው ለትንሿ ነው። ፈርማ ትገላግላት፤ ማን ያይባታል?»

ሻዩን ይዤ ገባሁና አስቀመጥኩ። «መስተዋት አይደለም የምፍቀው፣ ሌንስ ነው» አልኳት። «አሁን እኔን የምታዪበትንም የፋቅኩት እኔ ነኝ።»

የአክስቴ እጅ ወደ መነጽሯ ሄደ። አባባ፣ «ታላቅሽ ናት!» ብሎ ጮኸብኝ። ታላቄ መሆኗን አልካድኩም። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም፤ አልጠይቅምም።

ነገሩ ግን አልወጣልኝም። ከሁሉ የከነከነኝ «ማን ያይባታል?» ያለችው ነው። እኔስ? እኔ አላይም?

ረቡዕ፣ ጥር 22

ዛሬ ደንበኛ አልነበረም። የደብዳቤውን አባሪ፣ ማለትም የሳትናቸውን ጥያቄዎች ዝርዝር፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስቆዝም ጋሼ ከኋላዬ መጥተው አጎነበሱ። ቆዩ፤ ቆዩና መሳቅ ጀመሩ። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ምን ያስቃል?»

«ይቺን እይያት» አሉና ሠላሳ ሰባተኛውን ጥያቄ በጣታቸው መቱ። የጥያቄው መልስ 2.3 ነው። እኔ 2.25ን ነው ያከበብኩት። ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ አለ፤ መልሱ 0.8፣ እኔ 0.75 ብያለሁ።

አየሁና እኔም ሳቅ አመለጠኝ። የሌንስ ቁጥር በሩብ በሩብ ነው የሚሄደው፤ ሁለት፣ ሁለት ከሩብ፣ ሁለት ተኩል። ሐኪም 2.3 ብሎ ቢጽፍ እንኳ እኛ 2.25 ነው የምንሠራው። ስድስት ዓመት ሙሉ 2.3 የሚባል ሌንስ በእጄ ነክቼ አላውቅም። እጄ በልማድ ሄዳ አጠጋጋችው።

«ይህ ከመጽሐፍ የሚገኝ ስህተት አይደለም» አሉ ጋሼ ሳቃቸውን እየጠረጉ። «የእኔ ቤት ስህተት ነው። እዚህ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ እንዲህ የሚስት ሰው የለም። ይህንን ጽፈሽ ላኪላቸው። እኔም እፈርምበታለሁ።»

ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። የእኔም። ሚጡ መነጽር ቤት ሠርታ አታውቅም። የእሷም ወረቀት ላይ 2.25 አለ። 0.75ም አለ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ጓዳ ገቡ። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ስናጠና ነግሬያት ይሆናል። ስለ ሩቡ ነገር። ነግሬያት መሆን አለበት።

ዓርብ፣ ጥር 24

አባባ ሥራ ቦታዬ መጣ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜው ነው፤ የመጀመሪያው መነጽር ሊያሠራ ነበር። ቅጹን ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። የአውቶቡስ ሰዓት የሚመዘግብበት ነው፤ እጁን ቀለም ስላስነካው በሱሪው ጠረገ።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ ያሳደግሻት» አለ። «ፀጉሯን የሠራሽው አንቺ፣ ስትታመም ያደርሽው አንቺ። እናቷ ነሽ ማለት ነው። እናት ደግሞ ለልጇ—»

«እናቷ አይደለሁም። እህቷ ነኝ። እናቷ ሞታለች። ያቺው የሞተችው የእኔም እናት ናት።»

ጋሼ ከጀርባ የመፋቂያ ማሽኑን ሲያስነሡ ሰማሁ። ውስጡ ሌንስ አልነበረም፤ ባዶውን ነው የሚያሽከረክሩት። ላለመስማት።

«ወረቀት እኮ ነው» አለ አባባ ድምፁን ከማሽኑ በላይ ከፍ አድርጎ።

«አንብበኸዋል? "የኮረጅኩት እኔ ነኝ" ነው የሚለው። ሥሩ ላይ የእኔ ስም ነው ያለው።»

«አንቺ ሥራ አለሽ። እሷ ምን አላት?»

«እኔን አላት!» አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ። «ለዚህ ስትሉኝ ነው ሥራ ያለኝ። ለሌላው ሁሉ ግን መስተዋት ፋቂ ነኝ። አልፈርምም አባባ። ዛሬም ነገም አልፈርምም።»

ቅጹን አጥፎ እስክሪብቶውን ረስቶ ወጣ። ማሽኑ ቆመ።

ያ ወረቀት አጠገቤ፣ መሳቢያው ውስጥ ነበር። አውጥቼ «እስቲ ይህን እይ» ብለው ይበቃ ነበር። አላወጣሁትም። ምሳ ስላልበላሁ ይሆናል፤ ስራብ አላስብም።

እሑድ፣ ጥር 26

ልጽፈው ነው። ሁሉም ተኝቷል፤ ካሁን ወዲያ ለዚህ ደብተር እንኳ ከዋሸሁ ለማን ልናገር ነው?

ከሰዓት በኋላ ሰገነቱ ላይ ልብስ እያሰጣን ነበር፤ ሚጡና እኔ። አንሶላው በመካከላችን ነበር፤ ፊቷ አይታየኝም። ከዚያ ማዶ ሆና፣ «እቴቴ፣ ብትፈርሚ ምን ይመጣብሻል?» አለችኝ። «በሚቀጥለው ዙር ትፈተኛለሽ። ደግሞ ታገኚዋለሽ።»

«አንቺስ?»

ገመዱ ተነቃነቀ።

«አንቺስ አታገኚውም? አንደኛዋ አንቺ አይደለሽ?»

«አላገኘውም» አለች። በጣም ቀስ ብላ። ቀጥላም፣ «አንደኛ መሆን ምን እንደሆነ አታውቂም። አንድ ቀን ሁለተኛ ወጥቼ ብመጣ አባባ "ማን ሞተ?" ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። ሒሳብ እኮ ገብቶኝ አያውቅም። ሸምድጄ ነው። ያን ቀን ግን የሸመደድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። አንድም አልቀረ።»

አንሶላውን ገልጬ አየኋት። እያለቀሰች አልነበረም። የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ እጇን ወደ ገመዱ ዘርግታ ቀርታለች። ቁጣ መጣብኝ። ልመታት ሁሉ አማረኝ። «አምስት ሳምንት ሙሉ እኔ ስሰደብ ሳህን ታጥቢ ነበር!» አልኳት። አምስት ሳምንት አልሆነም፤ ቢሆንም አምስት አልኩ።

«ምን ልበል?» አለች። «ንገሪኝ፣ ምን ልበል?»

ቅርጫቱን ትቼላት ወረድኩ። ቁጣዬ ግን ደረጃው ግማሽ ላይ ጥሎኝ ሄደ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ያን ቀን የሒሳቡ ፈተና ግማሽ ላይ ስንደርስ በግራዬ በኩል እርሳሷ ሲቆም ሰማሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ይጽፋል፤ እሷ አትጽፍም። ትንፋሿ ይቆራረጣል። ያን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። እማዬ የሞተች ሰሞን ሚጡ ከማልቀሷ በፊት እንዲህ ነበር የምትተነፍሰው፤ ያኔ ተነሥቼ አጠገቧ እተኛ ነበር። ፈታኙ መስኮቱ ጋ ነበር። ዞሬ አላየኋትም። ግራ ክንዴን ከወረቀቴ ላይ አነሣሁት። ወረቀቴንም ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ ወደ ግራ ገፋ አደረግኩት።

ደንዝዞብኝ ነው ያነሣሁት እያልኩ ለራሴ ስነግር ነው የከረምኩት። አልደነዘዘም። እርሳሷ መጻፍ ሲጀምር ሰማሁና ደስ አለኝ። እውነቱ ይህ ነው፤ ደስ አለኝ።

እንግዲህ ከማንም አልኮረጅኩም። ይህ እውነት ነው። ንጹሕ ነኝ ብል ግን ውሸት ነው። እሷ ሳትጠይቀኝ ነው የሰጠኋት፤ የፈራችውን እንድትጋፈጥ መርዳት ሲገባኝ ከነፍርሃቷ አሳለፍኳት። ለዚህ ጥፋት የሚሆን ቅጽ ቢኖር አሁኑኑ እፈርም ነበር። ያላደረግኩትን ግን አልፈርምም።

ማክሰኞ፣ ጥር 28

ድጋሚ ለመፈተን ፈርሜ ሰጠሁ። ጋሼ «ማስረጃሽን አያይዢው እንጂ» አሉኝ። አላያያዝኩም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ» አልኳቸው። «ሌንስ ግን ካልወለወሉት አይጠራም» ብለው መለሱልኝና ተዉኝ።

ማታ ለሚጡ የእሷን ቅጽ ሰጠኋት።

«በአንቺ ላይ አንድ ቃል አልጽፍም» አልኳት። «ለአንቺም ብዬ በራሴ ላይ ውሸት አልጽፍም። ሁለታችንም እንፈተናለን። የካቲት 16 ነው፤ አሥራ ስምንት ቀን አለን። ሒሳቡን ከሥሩ እንጀምራለን።»

«ብወድቅስ?»

«ትወድቂያለሽ። ከዚያ ትነሻለሽ። እኔን አታዪኝም? በ248 አልሞትኩም።»

ቅጹን ይዛ ገባች፤ በሩንም ዘጋችብኝ። አባባ ከሰማ ጀምሮ ሰላም አይለኝም። ይሁና።

እሑድ፣ የካቲት 3

ቁርስ ላይ መጣች። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። የድጋሚ ፈተናውን ቅጽ በመጨረሻው ቀን ፈርማ ሰጥታ ነበር። ከክፍልፋይ ጀመርን። ክፍልፋይ! አሥራ ሁለት ዓመት አንደኛ የወጣች ልጅ ለምን ግማሽ በሩብ ሲካፈል ሁለት እንደሚሆን አታውቅም። የተጣሉ ሌንሶችን ከሥራ ቤት አምጥቼ አስቆጠርኳት። ገባት። ሲገባት ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አይቼ አላውቅም ነበር። ለካ እስከዛሬ የማየው ሲገባት አልነበረም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ሥራ በዛ። ሚጡ አራት ሰዓት አጥንታለች። እኔ ሁለት። ቋንቋውን አልነካሁትም። ፈራሁ? አልፈራሁም። ትንሽ።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

አክስቴ ለሚጡ የራስ ምታት ክኒን ይዛላት መጣች፤ «ይቺ ልጅ በእህቷ እልህ ልትሞት ነው» እያለች። ሚጡ ክኒኑን መለሰችላት። «ራሴን አላመመኝም፤ እያሰብኩበት ነው» አለቻት። ከዚህ ቤት እልኸኛ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ተፈተንኩ። ሰፊ ክፍል፣ አርባ ወንበር፣ እኔ ብቻ። ሁለት ፈታኞች፤ አንዷ ከፊቴ፣ አንዱ ከኋላዬ። ከኋላዬ ያለው ጫማው ይንጫጫል። እንደ ሌባ ነው የሚጠብቁኝ። መጀመሪያ አንዱን ጥያቄ ሦስቴ አነበብኩት፤ ከዚያ ተናደድኩና ሠራሁት። ሳልናደድ ምን እሠራ ነበር?

ቋንቋው ላይ አንድ ምንባብ አምልጦኛል። አውቄዋለሁ።

ሚጡ በሌላኛው ፎቅ ነበረች። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። «ሰባት ጥያቄ ባዶ ተውኩ» አለችኝ። «ሌላውን ግን እኔ ነኝ የሠራሁት።» አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛች። እስከ ቤት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

እኔ 322። ሚጡ 287።

የእኔ በዘጠኝ ነጥብ ነው የወረደው፤ ስለዚህ 331 ጸንቷል። የሚጡ 334 ተሰረዘ።

አባባ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ አነበበ። ከዚያ ሚጡን፣ «ያን ቀን አሞሽ ነበር?» አላት። እንዲያም ሆኖ ምክንያት ይፈልግላታል። ደሜ ፈላ፤ አፌን ልከፍት ስል ሚጡ ቀደመችኝ።

«አላመመኝም። ያኔ ከእቴቴ ላይ ያየሁት እኔ ነኝ። ይኼኛው ነው የእኔ።»

«እኔም አሳይቻታለሁ» አልኩ። «አልጠየቀችኝም፤ ክንዴን አንሥቼ ነው ያሳየኋት።»

አባባ ተነሣ። ኮቱን ለበሰ። ወጣ። ሲመለስ መሽቷል፤ እኔ ኩሽና ነበርኩ። በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ደብዳቤው የመጣ ዕለት» አለ፣ «ዓይኔ ቀድሞ የሄደው ወዳንቺ ነው።»

«አይቻለሁ።»

«ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አልኩት። «ሸክም ሲመጣ ዓይን የሚሄደው ተሸካሚው ጋ ነው።»

የቀረውን ዕቃ እሱ አጠበ። በደንብ አላጠበውም፤ ደግሜ አጠብኩት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

አሁን ሦስት ውጤት አለኝ፦ 248፣ 331፣ 322። መርጬ መላክ ነው። ምርጫ ቀላል ነው ያልኩበትን ቀን ሳስበው ያስቀኛል።

አምና የእይታ ሕክምና ኮሌጁ ከተቀበላቸው ዝቅተኛው 325 ነው። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ጎረቤት ሳይቀር።

«322 ነው የምልከው» አልኩ እራት ላይ።

አክስቴ ማንኪያዋን ጣለች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! ሕጋዊ ነው ብለው ማኅተም አድርገው የላኩልሽን 331?»

ሚጡ፣ «እቴቴ፣ በእኔ ምክንያት ከሆነ—» ብላ ጀመረች።

«በአንቺ ምክንያት አይደለም።»

የገረመኝ አባባ ነው። ጠረጴዛውን በእጁ መታ። «ልጄ ያመጣችውን 331 ለምን ትደብቃለች? እሷ ናት የሠራችው! ማንም ምንም ቢል እሷ ናት የሠራችው!» ይህን እንዲላት ስድስት ዓመት የጠበቀች አንዲት ሴት አውቃለሁ። ሆኖም መልሷን አልቀየረችም።

«ሠርቼዋለሁ» አልኩት። «331 ግን ክንዴን ያነሣሁበት ቀን ውጤት ነው። ባየሁት ቁጥር ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። 322 ግን ሁለት ሰው ዓይኑን ተክሎብኝ፣ አርባ ወንበር ክፍል ውስጥ ብቻዬን ያመጣሁት ነው። በእሱ ካልተቀበሉኝ በእሱ ልቅር።»

«ሦስት ነጥብ ጎሎሽ!» አለች አክስቴ።

«ሦስት ነጥብ ይጉለኝ።»

ዓርብ፣ መጋቢት 13

ላክሁ። በእስክሪብቶ፣ አባባ በረሳው። ከሳጥኑ ሥር «ማብራሪያ ካለ» የሚል ሁለት መስመር ነበር። ረጅም ነገር አሰብኩ። የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ከፍ ያለ ሌላ ውጤት አለኝ። ይህን መርጫለሁ፤ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።»

ሚጡም 287ዋን ለቋንቋ መምህራን ኮሌጅ ላከች። ይበቃታል። እንዲያውም ይተርፋታል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 4

ኮሌጁ ለቃል ፈተና ጠራኝ። ሦስት ሰዎች ናቸው። መካከል የተቀመጡት ሴት «እሺ፣ እንጠይቅሽ» አሉ። ነገርኳቸው። እህቴን «አንዲት ተፈታኝ» ብዬ፣ የራሴን ክንድ ግን ክንዴ ብዬ። አንደኛው፣ «ታዲያ አንቺም ጥፋተኛ ነሽ» አለኝ። «ነኝ» አልኩት። «ለዚያ ነው ያንን ያልላክሁላችሁ።» ሴትዮዋ አንድ ነገር ጻፉ። ጥሩ ይሁን መጥፎ ከአጻጻፋቸው አይታወቅም።

ስወጣ አንገቴን ግን አልደፋሁም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 22

ተቀበሉኝ።

መልእክቱ የደረሰኝ የአንድ ሽማግሌ ሌንስ ማሽኑ ላይ እያለ ነው። ሌንሱን ጨርሼ፣ ፍሬሙ ውስጥ አስገብቼ፣ ወልውዬ፣ ሽማግሌውን አስለክቼ ሸኘሁ። ከዚያ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ጋዜጣ ያነባሉ።

«ጋሼ፣ መስከረም ላይ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ይፈልጉ» አልኳቸው።

ጋዜጣቸውን አላወረዱም። «ፍለጋ ከጀመርኩ ሳምንት ሆነኝ» አሉ። «ማስታወቂያውን በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ። በየቀኑ በሥሩ ትገቢያለሽ፣ በሥሩ ትወጫለሽ። እንዲህ እያየሽ ነው ደግሞ ዓይን ልትማሪ የምትሄጂው?»

ወጥቼ አየሁት። በትልቁ ተጽፏል። በቀይ።